«የደረሰበት ሰው ያናግረኝ»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ሦስቱም ከወሎ ናቸው። ሦስቱም የሚጠይቁት የአእምሮ ሕክምና ተከታትሎ፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ስለገባ ሰው ነው። ለአዲስ አንባቢ ልንገር፤ እኔ ደሴ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። በወጣትነቴ ታምሜ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ዛሬም ማታ ማታ ኪኒኔን እውጣለሁ። ይህን ዓምድ የሰጡኝም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ታናሽ እህቴ 24 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ሆስፒታል ሁለት ወር ተኝታ ወጣች። ‹ደህና ናት፣ መድኃኒቷን ትቀጥል፣ በቀጠሮዋ ትምጣ› ብለው ሸኙን። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ ግራ ገብቶናል። እናታችን ቢላዋ የሚባል ሁሉ ደብቃለች። ማታ በሩን ከውጭ እንቆልፋለን። እህቴ ወይ ትተኛለች፣ ወይ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ትውላለች። ላጫውታት ስሞክር ዝም ትለኛለች። በቀደም ተናደደችና ‹አንተ አታውቀውም፣ የደረሰበት ሰው ያናግረኝ› አለችኝ። የደረሰበት ሰው ከየት ላምጣላት?» ወንድም፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ በቁጣ ስለተናገረችህ አትቀየማት። የሚያስፈልጋትን በራሷ አፍ ነግራሃለች። ይህን ለመናገር ዓመት የሚፈጅበት ሰው አለ።

ወደሱ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ በሩ። ከውጭ መቆለፉን ዛሬውኑ ተዉት። ሌሊት እሳት ቢነሳ ማን ያወጣታል? ደግሞስ የተቆለፈ በር ስታይ የከረመች ልጅ ቤቷም ተቆልፎ ካገኘችው፣ ወጣሁ የምትለው ከምኑ ነው? የቢላዋው ነገር ይለያል። ከአእምሮ ሆስፒታል የወጣ ሰው ራሱን የማጥፋት አደጋው በጣም ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት እንደሆነ በብዙ አገር በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ስለዚህ እናትህ መፍራታቸው አያስወቅሳቸውም። ስለ መሞት ታስብ እንደሆነ ደፍራችሁ ጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለች ስለቱ ይራቅ፣ ብቻዋን አትሁን፣ ሐኪሟም በዚያው ቀን ይስማ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ግን የሽንኩርት ቢላዋውን መልሱላትና ወጥ ትሥራ። በሁለቱም በኩል የጸረ ተባይ መርዝና የተጠራቀመ ኪኒን እጇ እንዳይደርስበት አድርጉ። ቢላዋ የሚደብቅ ቤት ይህን ይረሳዋል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኔ ከሆስፒታል ስወጣ አውቶቡሱ ጣርማ በርን አልፎ፣ በከሚሴ አድርጎ፣ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ደስታ አልነበረም የተሰማኝ። ሰው ምን ይለኛል ብቻ ነው የማስበው። ቤት ስገባ ጎረቤቱ ዳቦና ስኳር ይዞ መጣ። የወሎ ሰው አዛኝ ነው፤ ሲያዝንልሽ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ተሻለሽ እቴ?» ይሉኛል። እንደ ጠያቂው ሃይማኖት «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ቡና ይጠጣል፣ ይወጣል።

አንዲት ሴትዮ ግን ነበሩ። በዕድሜ ይበልጡኛል። እሳቸውም አንድ ጊዜ ታመው እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል። እንዝርታቸውን ይዘው መጡ፣ ቁጭ አሉ፣ መፍተል ጀመሩ። ተሻለሽ ወይ አላሉኝም። ጥቂት ቆይተው «እግርሽ አላስቀምጥ አለሽ?» አሉኝ። ክው አልኩ። ቁጭ ባልኩ ቁጥር እግሬ ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስለኝ ነበር። ዳግም ሊነሳብኝ ነው ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። «እሱ የመድኃኒቱ ነው። ለሐኪሙ ንገሪው፣ ወይ ይቀንስልሻል ወይ ማስታገሻ ይጨምርልሻል» አሉኝና ወደ ፈትላቸው ተመለሱ። ሐኪሙም ነግሮኝ ይሆናል። ጆሮዬ የገባው ግን የሳቸው ነው።

እህትህ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የምትለውም ምናልባት ይኸው ሊሆን ይችላል። ጠይቃት። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች እግር ያቅበጠብጣሉ፣ እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ ምራቅ ያበዛሉ፣ እንቅልፍም ያስይዛሉ። አንዳንዴ፣ በተለይ ሲጀመሩ ወይም መጠናቸው ሲጨመር፣ አንገት ይጠማዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይያዛል። ይህን ያየ ቤተሰብ «ያው መጣባት» ይልና ጠበል ወይም ሸኽ ፍለጋ ይሮጣል። ጤና ተቋም ቢወስዷት በመርፌ ወይም በኪኒን ቶሎ የሚለቅ ነገር ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ደንግጦ መድኃኒቱን ጥሏል መሰለህ! ጥሎም ስንቱ ተመልሶ ተኝቷል።

እኒያ ሴትዮ ያደረጉት ነገር የአቻ ድጋፍ ይባላል። እኛም አገር በኤችአይቪ ጊዜ አይተነዋል፤ መድኃኒቱን ቀድሞ የጀመረው አዲስ ጀማሪውን እያበረታታ ስንቱን አቆመ። በአእምሮ ሕመም በኩል ግን ገና ነው። እንግሊዝ አገር ታመው የሚያውቁ ሰዎችን የጤና ተቋማቱ በደመወዝ ቀጥረው ያሠራሉ። ኡጋንዳ፣ ካምፓላ ያለው ቡታቢካ ሆስፒታልም ቀድሞ ታክመው የዳኑ ሰዎች አዲስ የወጡትን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ እንዲጠይቁ አድርጓል።

ይጠቅማል ወይ? እንግሊዞቹ ሁለት ጊዜ በደንብ ፈትነውታል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ሕመማቸው ተነስቶባቸው በልዩ ቡድን ሲታከሙ ቆይተው የተሸኙ 441 ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ ታሞ የዳነ ሰው እስከ አሥር ጊዜ እየተገናኛቸው፣ የራሳቸውን የማገገሚያ ደብተር አብሯቸው ሞላ። ሌሎቹ ደብተሩ ብቻ ተላከላቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ለከባድ ሕመም ሕክምና የተመለሱት ከመጀመሪያዎቹ 29 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 38 በመቶ ሆኑ። ደስ ይላል። ሁለተኛው በ2022 የወጣው፣ በቀጥታ ከሆስፒታል የወጡ 590 ሰዎችን የተከታተለው ነው። እዚያ ላይ ደጋፊ ያገኙትም ያላገኙትም ግማሽ ያህሉ በዓመት ውስጥ ተመልሰው ተኙ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሁለቱንም የምነግርህ፣ የደረሰበት ሰው ካገኘህላት በኋላ እህትህ ዳግም ብትታመም በሰውየዋ እንዳትፈርድ ብዬ ነው። እኔ ራሴ እኒያ ሴትዮ እየጠየቁኝ ዳግም ታምሜያለሁ። ሆኖም በሁለተኛው ሕመሜ ላይ ምን እየሆንኩ እንዳለ አውቀው ነበር፣ ብቻዬንም አልነበርኩም። ይህን በመቶኛ የሚቆጥረው የለም።

ከየት ታመጣታለህ ላልከው፤ ብዙ ዘመን በአገራችን የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል የአዲስ አበባው አማኑኤል ብቻ ነበር። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ቀጠሮ ሁለት ቀን በመኪና። አሁን ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እህትህን ያከሙትን ሐኪሞች ክትትሏ ወደ ደሴ እንዲዛወር ወረቀት ጻፉልን በሏቸው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን መውጣት ብቻ ነው። እዚያ ስትደርሱ ነርሶቹን «ደህና ሆና የምትመላለስ፣ እህቴን ለማናገር ፈቃደኛ የምትሆን ሴት ታውቃላችሁ?» በላቸው። ስም አይሰጡህም፣ መስጠትም የለባቸውም። ሴትየዋን ጠይቀው፣ እሷ እሺ ካለች ያገናኙሃል። አዲስ አበባ ደግሞ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር አለ። ደውሎ ማነጋገር ይቻላል። ምንም ካጣህ የቀጠሮ ቀን ያለው አግዳሚ ወንበር አለልህ። እዚያ ላይ ሰው ይተዋወቃል። እኔ ዛሬ የማዋያቸውን ሰዎች ግማሹን ያገኘኋቸው ወረፋ ስጠብቅ ነው።

ስትገናኙ አንተ እዚያ አትቀመጥ። ቡናውን አስፈላና ውጣ። እናትህም ይውጡ። ሴት ለሴት ቢሆኑ ይሻላል፤ በሃይማኖት ይለያዩ አይለያዩ እኛ ዘንድ ችግር አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ስለ ሕመም ጨርሶ ባያወሩም ምንም አይደል። ሲለምዱ አንድ የተማሪ ደብተር ይያዙ። ሊነሳባት ሲል ምን ምን ይታይባታል? እንቅልፍ ማጣት ይሆናል፣ ሬዲዮ ስለ እኔ ያወራል ማለት ይሆናል፣ ከሰው መሸሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ማን ይጠራላት? ማን እንዳይጠራ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሐኪም አይጠይቅም። እሷ ግን መልሱ አላት፤ ምናልባት አንተ ትሆናለህ፣ ቻለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ቅሬ። ኮምቦልቻ ስለሆንክ ቅሬ ምን እንደሆነ አልነግርህም፤ የሌላ አገር ሰው ዕድር ይለዋል። ከሆስፒታል የወጣን ሰው ቤተሰቡ «እሷ ትረፍ፣ እኛ እንሄድላታለን» እያለ ከለቅሶም ከሠርግም ያስቀረዋል። በደግነት ነው። ግን ሰው የሚሆነው ተራው ሲደርሰው ነው። እናትህ ለለቅሶ ቤት ጀበና ሲያጥቡ አብራ ትጠብ። እንጨት ስትሸከም ትታይ። በጉራጌ፣ በሶዶ ወረዳ፣ የሠለጠኑ የአካባቢ ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው እየሄዱ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ ያገዙበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። ጎብኚዎቹ ራሳቸው ታመው የዳኑ አልነበሩም። ያም ሆኖ በዓመቱ የታማሚዎቹ የዕለት ኑሮ፣ ከሕክምናው ሌላ ምንም ካላገኙት ይልቅ ተሻሽሏል። የቅሬው ዳኛ ግን ሕመሟን በስብሰባ ላይ እንዳያነሳ አስጠንቅቀው። እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ ተራዋን ይስጣት፤ ይበቃል።

«እትዬ፣ ሐይቅ ባጃጅ እነዳለሁ። ከዓመታት በፊት ታምሜ ድኛለሁ። የወር መርፌዬን ግን አላቋረጥኩም። አሁን ሰፈራችን አንድ ልጅ ከሆስፒታል ወጥቷል። ላናግረው እፈልጋለሁ። ግን የባለቤቴ ቤተሰቦች የእኔን ነገር አያውቁም። ወሬው ቢወጣስ? ደግሞ የእሱን ስሰማ የእኔው ቢቀሰቀስብኝስ?»

አንተ ልጅ፣ ተባረክ። ሁለቱም ፍርሃትህ የዕውነት ነው።

ስለ ወሬው፤ መናገር ግዴታህ አይደለም። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፣ ባጃጅ ደግሞ የወሬ መኪና ነው። ለባለቤትህ ግን አስቀድመህ ንገራት። ለእሷም ካልነገርክ የወር መርፌህን ተደብቀህ ነው የምትወጋው ማለት ነው፤ ይህ በራሱ ያደክማል። ለልጁ ከመቅረብህ በፊት ደግሞ ነርስህን አማክር። ነርሱ ልጁን ካወቀው አገናኝቶህ የሕክምናው ወገን እንድትሆን ያደርግሃል። ያን ጊዜ ሲከብድህ የምትጠራው ሰው አለህ። ብቻህን ጀግና አትሁን።

ስለ መቀስቀሱ፤ እንቅልፍህ ጠባቂህ ነው። እሱን አዳምጠህ መጥተህ ሌሊቱን ስትገላበጥ ካደርክ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አራዝመው። እሱም ይህን ማየቱ አይከፋም፤ ታሞ የዳነ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ይማርበታል።

ስትቀርበው ገንዘብ አታበድረው። ኪኒን አታካፍለው። የአንተ መድኃኒት ለአንተ ስለተስማማ ብቻ ለእሱም ይስማማል ማለት አይደለም። «አቁመው፣ እኔም አንድ ጊዜ አቁሜ ምንም አልሆንኩም» የሚል ነገር በጭራሽ ከአፍህ አይውጣ። ሚስጥሩን ጠብቅ። ራሴን ላጥፋ ካለ፣ ወይም ግደል የሚል ድምፅ እሰማለሁ ካለ ግን ያ ሚስጥር አይደለም። ለቤተሰቡ ነግረህ በባጃጅህ ራስህ ሐኪም ቤት አድርሰው። ይህን መጀመሪያ ቀን ላይ ንገረው፣ በኋላ ከዳኸኝ እንዳይልህ። ሁለት ሦስት ሌሊት ጭራሽ አልተኛም ካለም ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ጫት። ሐይቅ ላይ ባጃጅ የሚነዳ አይቅምም ብለህ ልታሳምነኝ አትሞክር። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ እንደ እኛ ያለውን ሰው ሕመምም ሊቀሰቅስ ይችላል። ችግሩ ወሎ ውስጥ ጫት የዱአም ነው፤ ልጁን ከዱአው ቤት ቅር አትበሉት። ከዱአው ይቀመጥ፣ ቡናውን ይጠጣ፣ ቅጠሉ ይለፈው። ይህን ሸኹ ራሳቸው ቢሉት ከአንተም ከእኔም ይሰማል። አንተ ደግሞ እየቃምክ አትቅም አትበለው።

የት ታናግረው? ባጃጅ ውስጥ። ከአንተ ጎን ተቀምጦ ወደ ፊት እያየ ማውራት ፊት ለፊት ከመተያየት ይቀላል። ተሳፋሪ ሲመጣ ወሬው ይቋረጣል፣ ሲወርድ ይቀጥላል። የሥራ ጠባይ ታሳየዋለህ፣ ሰውም ከአንተ ጋር ማየት ይለምደዋል። የነዳጁን ሒሳብ ይያዝልህ። ከሆስፒታል የወጣ ሰው «እንዴት ነህ» በሚለው ይሰለቻል፤ «ሰኞ ምን ትሠራለህ» ስትለው ግን ያስብበታል። መሪውን ግን አትስጠው፤ መድኃኒቱ እያፈዘዘው ይሆናል፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ መንዳት የለም።

«የኔ እመቤት፣ ከከሚሴ ነኝ። ልጄ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ደህና ነው። ሸኹም ዱአ አድርገውለታል፣ ‹ኪኒንህን አትተው› ነው ያሉት። አሁን ረመዳን ሲመጣ ልጹም ይላል። ኪኒኑ ጠዋትና ማታ ነው። ምን ላድርግ?»

እናቴ፣ ሸኹን አላህ ዕድሜ ይስጥልን። የሕመምተኛ ጾም በሌላ ቀን እንደሚካካስ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ልጁ እንዳይከፋው እሳቸው ያስረዱት። ሐኪሙ ጹም ካለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኪኒኑ ወደ ማፍጠሪያና ወደ ሱሁር ሊዛወር ይችላል፣ አንዳንዱም ጠቅልሎ ማታ ሊደረግ ይችላል። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ቤት ውስጥ አታዛውሩት። መድኃኒቱ ሊትየም የሚባለው ከሆነ በተለይ ይጠንቀቁ። ከሚሴ ቆላ ነው፣ ቀን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ሲውሉ ሊትየም ደም ውስጥ ከልክ በላይ ሊጠራቀም ይችላል።

ከረሃቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው። ተራዊህ፣ ሱሁር፣ ከዚያ ጠዋት ሥራ። እንቅልፉ ሲቆራረጥ ሕመሙ መንገድ ያገኛል። ቀን ላይ የሚተኛበት ሰዓት ይመደብለት፣ ልጆች አይረብሹት። የሁዳዴን ጾም ከነሌሊት ቅዳሴው ለሚይዙም ነገሩ ያው ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ መድኃኒት እየወሰደ ጾሞ የሚያውቅ ሰው ካለ ልጁን ያገናኙት፤ ከሐኪሙ የማይሰማውን ከእሱ ይሰማል።

የልጁ ቀጠሮ ከረመዳን በኋላ የሚውል ከሆነ አሁኑኑ ሄደው ከረመዳን በፊት እንዲሆን ያስቀድሙት።